«ጉዳት ደረሰበት» ብላችሁ አትለፉት፦ ከአንድ የአደጋ ሪፖርት የተማርኩት

ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂና በገላን አድርጎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ፋብሪካዎች በአንዱ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን አለቃችሁ አንድ ቅጽ ሰጥቶ «ይህን በእንግሊዝኛ ሙላልኝ» ሊላችሁ ይችላል። ቅጹ የአደጋ ሪፖርት ነው። ሰው ተጎድቷል፣ ኢንሹራንሱ ሪፖርቱን ይጠብቃል፣ አለቃውም ቸኩሏል። ይህን የምጽፈው ለዚያች ሰዓት ነው። የምጽፈውም ቅጹ ከተሞላለት ሰው ወገን ሆኜ ነው፤ ሪፖርቱ የተጻፈው ስለ እኔ ነበርና።

በካርቶን ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። ካርቶን እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ፣ ከሦስቱ ወረቀቶች የመካከለኛው በእንፋሎት በሚሞቁ ጥርሳም ሮለሮች መሐል አልፎ ይሸበሸባል፤ ከዚያም በስታርች ሙጫ ከላይኛውና ከታችኛው ወረቀት ጋር ይጣበቃል። በአንድ የሌሊት ፈረቃ ወረቀቱ ተቀደደና ሮለሩ ላይ ተጠመጠመ። ማሽኑ ቆሟል ተባለና እጄን አስገባሁ። አልቆመም ነበር። ሮለሮቹ ግራ እጄን ጨፈለቁት። ሌባ ጣቴን ሐኪሞች ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ቆረጡት፤ የመሐል ጣቴን አተረፉልኝ፤ እስከ ዛሬ ግን እንደልቡ አይታጠፍም። ስለ አደጋው ይህ ይበቃል። ብዙ የምናገረው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ወረቀት ነው።

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለጊዜው መሥራት ሲያቅተው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰውን ያገኛል። ለዘለቄታው የጎደለ አካል ካለ የሕክምና ቦርድ መጠኑን በመቶኛ ይወስንና ካሳው በዚያ ይሰላል። ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። አሠሪው ኢንሹራንስ ገብቶ ከሆነ ያ የእርሱና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። «ኢንሹራንሱ ሲከፍለን እንከፍልሃለን» የሚል መልስ ሲሰጣችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትመለሱ። እኔ ይህን በጊዜው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ስለዚህ ጠበቅሁ። እጄ ተጠቅልሎ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ከበረንዳው ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጣደፉትን መኪናዎች እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። ወደ ፋብሪካው ስደውል «ፋይሉ ኢንሹራንስ ጋ ነው» ይሉኛል። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል «ፋይሉ እየታየ ነው» ይሉኛል። የደመወዜ ግማሽ ሲቀር የቤት ኪራዩ ግን እንደ ድሮው ሙሉ ነበር።

በመጨረሻ ራሴ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። የካሳ ክፍል ሠራተኛዋ ትሑት ሴት ናት፤ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥታ አገላበጠችና «ወንድሜ፣ አደጋው የደረሰብህ በየትኛው መኪና ነው? የታርጋ ቁጥሩ አልተጻፈም እኮ» አለችኝ። መኪና? ምን መኪና? እርሷም ግራ ተጋባች። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ስለ እጄ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ የሠራተኛው እጅ በማሽን «ክራሽድ» ሆኖ «ሃርት» ሆኗል ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አፍ «ክራሽ» አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ናቸው። በ«ዩ» ፊደል የሚጻፈው መጨፍለቅ ነው። በ«ኤ» ፊደል የሚጻፈው መኪና ከመኪና፣ አውሮፕላን ከመሬት ሲላተም የሚባለው ነው። የፋብሪካው ጸሐፊ የጻፈው በ«ኤ» ነበር። ፋይሌ ወደ ተሽከርካሪ ክፍል ተልኮ፣ የተሽከርካሪ ክፍል ታርጋ ፈልጎ አጥቶ፣ መልሶ ልኮት፣ ያቺ ሴት ጠረጴዛ ላይ አርፎ ነበር። ሁለተኛው ቃል ደግሞ የባሰ ሥራ ሠርቷል። «ሃርት» የሚለውን አይተው ጉዳቱን ቀላል ከሚባሉት ጋር መድበውታል። የሆስፒታሉ ወረቀት ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ፋብሪካው አላያያዘውም።

ሴትዮዋ የሰጠችኝ ምክር የዚህ ሁሉ ታሪክ መዞሪያ ነው። «ሪፖርቱ እንደገና ተጽፎ ይምጣ፤ ግን እባክህ ጉዳት ደረሰበት የሚለውን ተርጉመው አታምጡልኝ። ማሽኑ ምን እንዳደረገህ ጻፉልኝ» አለችኝ።

ከእኛ ብሎክ በታች ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል። ቅጂውን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ሳቁ፤ እጄን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ልጄ፣ ይህን የጻፈው ሰው መዝገበ ቃላት አለው። ጎዳ የሚለውን ፈልጎ የመጣለትን የመጀመሪያውን ቃል ወስዷል» አሉ። ከዚያም ብዙ ጊዜ የማስታውሰውን ጥያቄ ጠየቁኝ። «አሁን እኔ ምን ሆንክ ብልህ፣ ጉዳት ደረሰብኝ ትለኛለህ? ወይስ ሮለር ጨፈለቀኝ ትለኛለህ?»

እውነታቸውን ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። ቢላ ይቆርጣል፣ ሚስማር ይወጋል፣ ቆርቆሮ ይሸረክታል፣ ሻካራ ወለል ይልጣል፣ ጥፍር ይቧጭራል፣ መዶሻ ይቀጠቅጣል፣ የፈላ ውሃ ይፈጃል፣ ሳማ ይለበልባል። የተመታ ሥጋ ይበልዛል፣ ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል፣ ትከሻ ይወልቃል፣ አጥንት ይሰበራል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ለይተው ይናገራሉ። እኛ ግን ቢሮ ገብተን ብዕር ስንጨብጥ ሁሉንም ሰብስበን «ጉዳት ደረሰበት» ውስጥ እንከተዋለን። ዝርዝሩ የሚጠፋው እንግሊዝኛው ጋ ሳንደርስ፣ እዚያው አማርኛው ላይ ነው። ከጠፋ በኋላ ደግሞ «ጎዳ» የምትለዋን ብቻ ይዘን መዝገበ ቃላት ስንከፍት ሃርት፣ ኢንጀር፣ ዳሜጅ፣ ሃርም፣ ዉንድ ተደርድረው ይጠብቁናል፤ በምን እንምረጥ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈታችሁ በፊት የምትሠሩት ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ፣ ለእናታችሁ እንደምትነግሩት ጻፉት። ጨፈለቀ ካላችሁ እንግሊዝኛው ብዙም አያስቸግራችሁም። ጎዳ ካላችሁ ግን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «እንዴት ጎዳ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጋሼ አዲሱን ሪፖርት አብረውኝ ጻፉ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች በሁለት ሮለሮች መካከል ገብተው ተጨፈለቁ፤ ሌባ ጣቱ በሆስፒታል ከመጀመሪያው አንጓ ላይ በቀዶ ሕክምና ተቆረጠ፤ የመሐል ጣቱ እንቅስቃሴ ቀንሷል። ሦስት ግሶች፣ ለየራሳቸው። ለመጨረሻው የመረጡት «ኢምፔር» የሚለውን ነው፤ አካሉ ሳይጠፋ ሥራው ሲቀንስ የሚባል ቃል ነው፤ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለእንቅስቃሴ ይሆናል። የፋብሪካው ኃላፊ አንብቦ ፈረመበት፤ ሊከራከር የሚችልበት ነገር አላገኘም። ፋይሉም ተንቀሳቀሰ። ቦርድ ቀረብኩ፣ መቶኛው ተወሰነ፣ ካሳው ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ በማሽን ላይ መሥራት ስላልቻልኩ ፋብሪካው ወደ ቢሮ አዛወረኝ፤ የአደጋ ሪፖርቶችም በእኔ እጅ መጡ። በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፤ ዕድለኛ ነኝ። የቀድሞዎቹን ሪፖርቶች መደርደሪያ ስከፍት ያየሁት ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

ከማሸጊያ ክፍል የነበረች አንዲት ልጅ ጣቷን በመቁረጫ ምላጭ አጥታለች። ፎርማኑ በአማርኛ «ጣቷ ተቆረጠ» ብሎ ጽፏል። ይህ አማርኛ ራሱ አሻሚ ነው፤ ደምታ በፋሻ ተጠቀለለችም፣ ጣቷ ከናካቴው ወደቀም ይሆናል። እንግሊዝኛው ላይ «ካት» ብቻ ተጻፈ። «ካት» ብቻውን ደም ነው፤ ለመውደቁ «ካት ኦፍ» ማለት ነበረበት። ያቺ የቀረችው ትንሽ ቃል ጣት ታክላለች። ሐኪም በቀዶ ሕክምና ሲቆርጠው ደግሞ «አምፑቴት» ይባላል። እናንተ ስትጽፉ አማርኛውንም ግልጽ አድርጉት፦ «ተቆርጦ ወደቀ» ወይም «ተቆርጦ ደማ፣ አልወደቀም» በሉ።

ሌላ ሪፖርት አንድ የጥገና ሠራተኛ «ኤሌክትሮኪዩትድ» ሆነ ይላል። ልቤ ቀጥ አለ። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ያኔ በየቀኑ ሻይ አብሮኝ ይጠጣ ነበር! ይህ ቃል በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ የተፈጠረው በኤሌክትሪክ የሞት ቅጣት ለመፈጸም ሲታሰብ ነው፤ ኤሌክትሪክንና የሞት ቅጣትን አፈጻጸም የሚያመለክቱትን ሁለት ቃላት አዋሕደው ነው የሠሩት። ዛሬ አንዳንድ መዝገበ ቃላት ለተጎዳም ይሆናል ይላሉ፤ ብዙ አንባቢ ግን ሲያየው ሰው ሞቷል ብሎ ያስባል። ኤሌክትሪክ ይዞት ከተረፈ «ኤሌክትሪክ ሾክ» ደረሰበት በሉ፤ ካቃጠለው ደግሞ መቃጠሉን ለብቻው ጨምሩ። ቤተሰብ የሚያነበው ወረቀት መሆኑን አትርሱ።

«ማሽኑ መታው» የሚለውን ደግሞ «ቢት» ብለው የተረጎሙ አሉ። «ቢት» ደጋግሞ መደብደብ ነው፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ማሽን ሠራተኛን አይደበድብም። «ሂት» ወይም «ስትራክ» ይበቃል። ፎርክሊፍት ሲገጭም እንዲሁ። «ኢንጁሪ ሪችድ ሂም» የሚልም አጋጥሞኛል፤ «ደረሰበት» የምትለዋን አንድ በአንድ ወስዶ። በእንግሊዝኛ ጉዳት አይደርስም፤ ሰውየው ነው የሚሸከመው፤ «ሰስቴይን» ወይም «ሰፈር» በሚሉት ግሶች ይጻፋል። ይህን ሁለተኛውን በፊደላችን ስጽፈው መንደር መምሰሉን አውቃለሁ፤ ምን ይደረግ።

አሁን መዝገበ ቃላቱ በ«ጎዳ» ሥር የደረደራቸው አምስቱ ቃላት ላይ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚቸገረው እነርሱ ላይ ነውና።

«ኢንጀር» የሰው ነው፤ በአደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው። ለሪፖርት የሚሆን ቁምነገረኛ ቃል ይህ ነው፤ ስንጠራጠር ወደዚህ እንመለሳለን። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የሥራ ደኅንነት ደረጃ፣ አይሶ 45001፣ ስለ ኢንጁሪ ሲናገር በሰው አካል፣ አእምሮ ወይም የማሰብ ችሎታ ላይ ስለሚመጣ ክፉ ውጤት ነው የሚናገረው፤ ስለ ማሽን አይደለም። «ዳሜጅ» በተቃራኒው የዕቃ ነው፤ ማሽኑ፣ ወረቀቱ፣ ጣሪያው። የሰው አካል ክፍል ሲሆን ግን ይገባል፤ የአንጎል፣ የጉበት፣ የነርቭ ዳሜጅ ይባላል። ሰውየውን ሙሉውን «ዳሜጅድ» ካላችሁት ግን ዕቃ አድርጋችሁታል፤ ወይም ነፍሱ የተሰበረች ሰው ነው ማለት ይሆናል። የኢንሹራንስ ውሎችም ነገሩን እንዲሁ ይከፍሉታል፦ በሰው አካል ላይ ኢንጁሪ፣ በንብረት ላይ ዳሜጅ። ቃሉን ስትለዋውጡ ፋይላችሁ ክፍል ይለውጣል።

«ሃርት» መጥፎ ቃል አይደለም፤ ለሪፖርት ነው የማይመቸው። ጉዳቱንም ሕመሙንም ስሜቱንም ይዟል። እግሬን አመመኝ ለማለትም ይኸው ነው፤ ያኔ ባለቤቱ እግሩ ራሱ ይሆናል። ሰው በንግግር ተቀይሞ ልቡ ሲጎዳም ይኸው ነው። አንባቢው የቱን እንደሆነ ከቃሉ ብቻ አያውቅም፤ ስለዚህ ቀላሉን ይወስዳል። መልኩም ባላለፈና ባለፈ ጊዜ አይለወጥም፤ መጨረሻው ላይ «ኢድ» የምትጨምሩለት ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። «ሃርም» ደግሞ ለደረሰ አደጋ ብዙም አይነገርም፤ ሊደርስ ስለሚችል ወይም ቀስ እያለ ስለሚመጣ ነገር ነው። የአቃቂ ወንዝ ውስጥ የሚለቀቀው ፍሳሽ ከታች ያሉትን ጎመን አትክልተኞችና ከብቶቻቸውን የሚያደርጋቸው ነገር ሃርም ነው። በፋብሪካው ውስጥ የሙጫ አቧራ፣ የማሽን ጩኸት፣ ረጅም የሌሊት ፈረቃ ሃርም ያመጣሉ። ሮለር ግን ሃርም አላደረገኝም፤ ሮለር ጨፈለቀኝ።

«ዉንድ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰውን የሚያታልለው ነውና። የክሊኒክ ወረቀት ላይ «ዉንድ» የሚል ታያላችሁ፤ ነርሷ ቁስሉን አጥባ ሸፍናዋለችና። ያ ስም ነው፣ ማንኛውም ቁስል ይባላል። ወደ ግስ ሲቀየር ግን ሌላ ሰፈር ይገባል። «ዉንድድ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው ጥይት፣ ጩቤ፣ ጦርነት ነው። ከፋብሪካችን የሚገዛ የአንድ የውጭ ድርጅት ወኪል ሪፖርታችንን አንብቦ «በፋብሪካው ውስጥ ጠብ ነበረ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ የተነሳ ነው። አንድ ሠራተኛ በቆርቆሮ ጠርዝ ክንዱ ተሸርክቶ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም። አነባበቡንም ልብ በሉ፤ በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፍ፣ «ዋውንድ» ተብሎ የሚነበብ፣ መጠምጠም የሚል ግስ ያለፈ ጊዜ መልክ አለ፤ ወረቀት በሮለር ላይ ሲጠመጠም እኛ እርሱንም እንጠቀማለን። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ሲገናኙ ጉድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው ያስፈራው ግን ይህ ነው። አንድ ወጣት ከፍታ ላይ ያለ ዕቃ ሊያወርድ ሲል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሪፖርቱን በትክክለኛ እንግሊዝኛ ጻፍኩት። ፋብሪካው ግን ሁለተኛ ቅጂ በአማርኛ እንዲተረጎም ለሌላ ሰው ሰጠው፤ እርሱም ቃል በቃል «ራሱን ጎዳ፤ ክንዱን ሰበረ» ብሎ መለሰው። ልጁ አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ራሴን ሰበርኩ?» አለኝ። በአማርኛ ራስን መጉዳት ሆን ብሎ ነው፤ ክንዱን ሰበረ ሲባልም አንድ ሰው የሌላውን ወይም የራሱን ሰበረ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ሳያስብ የወደቀ ሰውም ክንዱን «ብሮክ» አደረገ፣ ራሱን «ሃርት» አደረገ ይባላል፤ ሐሳብ የለበትም። የልጁ ድንጋጤ ደግሞ ከንቱ አልነበረም። አዋጁ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ አይደለም ይላል። ያ አማርኛ በሠራተኛ ጉዳይ የሚከራከር ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ካሳው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ እንግሊዝኛ ስጽፍ «ክንዱ ተሰበረ» በሚለው መልክ፣ በተደራጊ፣ እጽፋለሁ። እንግሊዛዊ ትንሽ ደረቅ ነው ቢለኝ ይበለኝ።

የቃጠሎውን ነገር በአጭሩ። በእኛ ፋብሪካ እንፋሎት አለ፣ የጋለ ሮለር አለ፣ አልፎ አልፎም ኬሚካል አለ። ሮለሩ ሲነካ ያቃጥላል፤ ያ «በርን» ነው፤ እሳትም ኬሚካልም ኤሌክትሪክም እንዲሁ። እንፋሎትና የፈላ ውሃ ሲሆን ግን «ስካልድ» ይባላል። የእኛ «ፈጀው» በትክክል ይገጥመዋል፤ ሾርባ ፈጀኝ እንደምንለው። ወለምታን ደግሞ ለመገጣጠሚያ ከሆነ «ስፕሬን»፣ ለጡንቻ ከሆነ «ስትሬን» ይሉታል። አንዲት ፊደል ናት ልዩነታቸው። ሐኪሙ የጻፈውን ቅዱ፤ ከወጌሻ የመጣ ሰው ከሆነ ግን ሐኪም እስኪያየው ድረስ የቱንም አትጻፉ።

ስለ ዕቃ ስትጽፉ «ተበላሸ» የሚለውን ፍሩት። ማሽን ሲበላሽ «ብሮክ ዳውን» ነው፤ ምግብ ሲበላሽ «ስፖይልድ»፤ ወረቀት ውሃ ሲነካው «ዳሜጅድ»። ክረምት ላይ ጣሪያ አፍስሶ ጥቅል ወረቀቶች ረጠቡ፤ የመጋዘን ኃላፊው «ዲስትሮይድ» ብሎ ላከ። ይህ ቃል ምንም የማይተርፍ ሲሆን ነው። የኢንሹራንሱ ገማች መጥቶ ብዙዎቹ ጥቅሎች ከውጭ ብቻ እንደረጠቡ፣ ውስጣቸው ደህና እንደሆነ አየ። ከዚያ በኋላ ያቀረብነውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው ያነበበው፤ እውነተኛውንም ጭምር። ቃል ስታጋንኑ የምትከፍሉት በሚቀጥለው ፋይል ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ሌሎችን ማረም ጀመርኩ፤ ትንሽም ተመጻደቅሁ። አንድ ጊዜ በአንድ የሕግ ባለሙያ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ በሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት «ዳሜጅ» ተብሎ አየሁና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ጠበቃው አልተቆጡም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንግሊዝኛ ቅጂ አምጥተው ቁጥር 2028ን አሳዩኝ፤ በሌላው ላይ ዳሜጅ ያደረሰ ሰው ይክሳል የሚል ነው፤ አካልንም ንብረትንም ይይዛል። ረቂቁን የጻፉት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ቃሉ ሰፊ ነው፤ ያ ስፋት ወደ እንግሊዝኛው ተሻገረ። ብዙ ቁጥር ሆኖ «ዳሜጅስ» ሲባል ደግሞ ጉዳት መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ቤት የሚወስነው የካሳ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ለጠበቃ ስትጽፉ የጠበቃውን ቃል ተጠቀሙ፤ ለኢንሹራንስና ለፋብሪካ የሚሄደው ወረቀት ላይ ግን እኔ የነገርኳችሁን።

አንድ የምለማመደው ነገር አለ፤ ለጀማሪ ይጠቅማል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ አልጠቀምበትም፤ ሁሉንም ጎዳ ብሎ ያልፈዋል። ለተማሪዎች ተብሎ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀውን እከፍታለሁ። ትርጉሙን ሳይሆን ምሳሌዎቹን ነው የማነበው። በምሳሌዎቹ ውስጥ ጎጂው ማነው፣ ተጎጂው ማነው? ሁልጊዜ ወታደር ካለበት፣ የእኔ ሰው ወታደር አይደለም። ሁልጊዜ መኪናና ሕንፃ ካለበት፣ የእኔ ሰው ሕንፃ አይደለም። በዚህ መንገድ አብዛኛው ጥርጣሬ ይጠራል። ያልጠራውን ለጋሼ እወስዳለሁ፤ እርሳቸውም አንዳንዴ «እኔም አላውቅም፣ ሁለቱም ይሆናል» ይላሉ፤ ያኔ አጭሩን እመርጣለሁ።

ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት ለተጎዳው ሰው አንብቡለት። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በሚገባው ቋንቋ። እኛ ጋ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ የሚያስተረጉም ሰው ፈልጉ፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ። «አይደለም፣ አልወጋኝም፣ ቧጨረኝ ነው» ይላችኋል፤ አርሙት። የሆስፒታሉን ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር በስቴፕለር አያይዙት። አማርኛው ዋናው መሆኑን ከላይ ጻፉበት፣ ቀን አድርጉበት፣ አስፈርሙት፣ አንድ ቅጂ ለሠራተኛው በእጁ ስጡት። ፋይሉ የት እንዳለ ለመጠየቅ ሲሄድ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።